አራት ገጽ ዕቅድ፣ አንድ ጠቃሚ መስመር

የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ፍሎሪዳ ልንሄድ ነው፤ አንተ አይደለህ እንዴ የፓርክ ሊቁ?» ስትለኝ ደረቴ ተነፋ። የመዝናኛ ፓርክ ፍቅር የያዘው ሰው ትልቁ ሕመሙ ይኼ ነው። ሳይጠየቅ ያስጎበኛል፤ ከተጠየቀማ ማን ሊያስቆመው! በዚያው ሌሊት አራት ገጽ ዕቅድ ጽፌ ላክሁላት። ሮለርኮስተር (ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወረው የመጫወቻ ባቡር) ላይ የትኛው ረድፍ እንደሚሻል (የመጨረሻው፤ ፊተኛው ቁልቁል ከወረደ በኋላ ጫፉ ላይ ተመንጭቆ የሚያልፈው እሱ ስለሆነ)፣ ብቻቸውን የሚሳፈሩ ሰዎች ሰልፍ መግቢያው በየት በኩል እንደተደበቀ፣ ሰው የማይበዛበት መጸዳጃ ቤት የት እንዳለ፣ ምኑ ቅጡ።

ያልነገርኳት ነገር ቢኖር፣ እንደ ብዙው ነባር የፓርክ አፍቃሪ ለራሴም ጉጉቱ ከወጣልኝ መሰነባበቱን ነው። ልጅቷን ሳስጎበኝ ተመልሶ ይመጣ ይሆናል ብዬ ነበር።

ዕቅዱ መጥፎ አልነበረም። ለ2012 እንከን የለሽ ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱን ግን በእኛው ነው የምቆጥረው፤ ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።)

ፓርክ ለማያዘወትር ሰው ነገሩን ላስረዳ። ፍሎሪዳ ላይ ትልልቅ ፓርኮች ያሉት ዲዝኒ በ1999 ፋስትፓስ የሚባል ነገር አመጣ፤ በነጻ። መጫወቻው በር ላይ ባለ ማሽን የመግቢያ ቲኬትህን ታስገባለህ፣ ማሽኑ «ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ተመለስ» የሚል ቁራጭ ወረቀት ይተፋልሃል። በሰዓትህ ስትመለስ ረጅሙን ሰልፍ ትተህ በአጭሩ ትገባለህ። ሌላ ወረቀት ለመውሰድ የመጀመሪያው ቀጠሮ እስኪደርስ ወይ ሁለት ሰዓት እስኪሞላ ትጠብቃለህ፤ ከሁለቱ የቀደመው ይሠራል። የእኛ ጥበብ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከቤተሰቡ አንድ ሯጭ ይመረጣል። የሁሉንም ቲኬት ሰብስቦ፣ ሌላው ሰው አይስክሬም ሲልስ፣ እሱ ከፓርኩ ጫፍ እስከ ጫፍ እየሮጠ ወረቀት ይለቅማል። ፍሎሪዳ ላይ ደግሞ እስከ 2012 መጀመሪያ ድረስ ቀጠሮው ያለፈበትን ወረቀት ሠራተኞቹ አይተው እንዳላዩ ያሳልፉ ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው ቀን የለቀመውን ወረቀት እንደ ካርታ ተጫዋች በእጁ ዘርግቶ፣ ማታ ሰው ሁሉ እግሩን ሲያሽ አንድ በአንድ ይመዛል። እኔ ያቺን ወረቀት የያዝኩ ቀን የምራመደው አረማመድ ሌላ ነበር።

ከዚያ ወረቀቱ ቀረና የእጅ አምባር መጣ። ሦስት መጫወቻ አስቀድሞ መያዝ ተቻለ፤ ፓርኩ ሆቴል የሚያድር ከ60 ቀን በፊት፣ ሌላው ከ30 ቀን በፊት። ሯጩ ጡረታ ወጣ፤ ኤክሴል የሚችለው ዘመድ ተሾመ። ያኔም ገና በነጻ ነበር። በ2020 ፓርኮቹ በኮሮና ሲዘጉ ያ አሠራር አብሮ ቆመ፣ ሲከፈቱ ግን አብሮ አልተመለሰም። በኦክቶበር 2021 ፍሎሪዳ ላይ የተተካው ጂኒ ፕላስ የሚባል የሚከፈልበት የፈጣን መስመር ሲሆን፣ ሲጀምር በሰው በቀን 15 ዶላር ነበር። በጁላይ 2024 ደግሞ ስሙ ላይትኒንግ ሌን መልቲ ፓስ ተባለ፤ ዋጋው እንደ ቀኑና እንደ ፓርኩ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ሰው «አፍቃሪዎቹ የቀዘቀዙት ዋጋ ተወዶባቸው ነው» ይላል። ዋጋውማ ተወዷል። ፍሎሪዳ ያለው የዲዝኒ ፓርክ ማጂክ ኪንግደም በ1971 ሲከፈት መግቢያው ሦስት ዶላር ተኩል ነበር፤ መጫወቻዎቹ ለብቻቸው ቲኬት ይቆረጥላቸዋል እንጂ። በ2025 የገና ሰሞን የአንዱ ቀን መግቢያ 199 ዶላር ደርሷል። ግን የለየለት አፍቃሪ ለዚህ ብሎ አይቀርም፤ ከሌላው ቆጥቦም ቢሆን ይሄዳል። እኛን ያመመን ሌላ ነው። የእኛ ሀብት እውቀት ነበር። ማሽኑ መቼ እንደሚያልቅበት፣ ሰልፉ መቼ እንደሚሳሳ፣ ሰልፈኛ የሚቀዘቅዝበት ጥላ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው እንደ ጌታ ይዝናና ነበር። አሁን ስለ ፓርኩ ትናንት የሰማ ሰው የባንክ ካርዱን ቁጥር ካስገባ፣ የእኔን የሃያ ዓመት ጥናት ጥሎት ያልፋል። ጥሎኝም አለፈ።

እኛ የሄድንበት ፓርክ (ስሙ ይቆየን፤ ጥፋቱ ሁሉ የኔ ነው) የዕለቱን የፈጣን መስመር ቀጠሮ መሸጥ የሚጀምረው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ ፈረንጁ ሰባት በሚለው። ጥሩ ጥሩዎቹ በደቂቃዎች ያልቃሉ። ማታ ልጅቷን «ልክ 1 ሰዓት ላይ! አንዲት ደቂቃ አታሳልፊ!» ብዬ አስጠንቅቄ፣ የራሴን ስልክ ደወል ሞላሁ። 1፡00።

ደወለ። ከአልጋዬ ዘልዬ አፑን ከፈትኩ። «ገና ነው» ይላል። ስክሪኑን ወደ ታች እየጎተትኩ አድሳለሁ፤ «ገና ነው»። በመስኮት ሳይ ጨለማ ነው፤ ደመና ይሆናል አልኩ። እንግዲህ የፓርክ ሊቁ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ተነስቶ ጣቱን እያመላለሰ ሃምሳ ደቂቃ ተቀምጧል። ስልኩን ጨብጬ፣ ስክሪኑ በርቶ እንዳለ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ 3 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው። ቀጠሮው ተሸጦ አልቋል፣ ባትሪው 9 ከመቶ ነው፣ ልጅቷ ደግሞ ቁርስ በልታ ጫማዋን አስራ በር ላይ ቆማለች። «ጋሼ፣ ገዛሁ። አራት መጫወቻ ያዝኩ። አንተስ?»

«እኔ በባህላዊው መንገድ ነው የምሄደው» አልኩ። ምን ልበል?

እዚህ ላይ ባትሪ ቀልድ እንዳልሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገር። ዛሬ ፓርክ ውስጥ ስልክህ ቲኬትህ ነው፣ ካርታህ ነው፣ ምሳ ማዘዣህ ነው፣ አንዳንዱ ጋ የሆቴል ክፍልህ ቁልፍም ነው። ስክሪኑ ፀሐይ ላይ እንዲታይ እስከ ጥግ ድረስ ታበራዋለህ፣ ቦታህን ሲያነፍንፍ ይውላል፣ ሕዝቡ መስመሩን ስላጨናነቀው ኔትወርክ ለመያዝ ይታገላል። ሙሉ ባትሪ ይዞ የገባ ስልክ እንኳ ከሰዓት በኋላ ቢያቃስት አይፈረድበትም። 10,000 ሚሊአምፒር የሚል ፓወር ባንክ ቢያዝ፣ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ የዛሬን ስልክ አንድ ጊዜ ተኩል አካባቢ ይሞላል። ስልኩን ግን ፀሐይ ላይ አድርጎ መሙላት ከንቱ ነው፤ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ መቀበል ያቆማል። ኪስ ውስጥም አይደለም፣ ቦርሳ ውስጥ፣ ጥላ ስር። ይህ ሁሉ በአራት ገጹ ዕቅዴ ውስጥ የለም። በ2012 ስልኬ ሦስት ቀን ይቆይ ነበርና።

ዋናው ሮለርኮስተር በር ላይ ተለያየን። እሷ በግራ፣ እኔ በቀኝ። የኔው በር ላይ «75 ደቂቃ» ይላል።

ለምን 75 እንደሚሆን እያሰላሁ ቆምኩ፤ ሌላ ሥራ የለኝ። ባቡሩ 24 ሰው ይይዛል፣ በየደቂቃው አንድ ይወጣል እንበል። በሰዓት 1,440 ሰው ነው። ሁለቱ ሰልፎች የሚገናኙበት ቦታ ላይ የቆመው ሠራተኛ ከአራቱ ሦስቱን ከከፋዮቹ መስመር ካስገባ፣ ለእኛ የሚቀረን 360 ነው። ከፊቴ 450 ሰው ካለ ይኸው አንድ ሰዓት ከሩብ። የከፋዮቹ መስመር ባይኖር ያው 450 ሰው በ19 ደቂቃ ይጸዳ ነበር። የሚያናድደው ደግሞ ሌላ ነው፤ ቀበቶ ማሰር ያቃተው፣ ኮፍያውን የት እንደሚያደርግ የሚያማክር፣ ከባለቤቱ ጎን ካልተቀመጥኩ የሚል ሰው ባቡሩን በ20 ሴኮንድ ያዘገየዋል። ያቺ 20 ሴኮንድ በየባቡሩ ከተደጋገመች 1,440 የነበረው 1,080 ይሆናል። የጎደለው 360 ነው፤ ልክ የእኛ ድርሻ! ሰውየው ኮፍያውን ሲያጣጥፍ የማየው ለዚህ ነው እንጂ ተመቅኝቼ አይደለም።

አዲስ ሰው ሰልፍ ላይ ሲቆም ግድግዳውን ያያል፣ ፎቶ ያነሳል። ነባር አፍቃሪ ጣሪያውን ነው የሚያየው፤ የትኛው ካሜራ እንደሆነ፣ የትኛው መብራት እንደተቃጠለ፣ የትኛው አሻንጉሊት መንቀሳቀስ እንዳቆመ። ማወቅ ራሱ ጉጉት ይበላል። እዚያው ፍሎሪዳ ባለው ሌላው የዲዝኒ ፓርክ፣ አኒማል ኪንግደም ውስጥ፣ በ2006 የተከፈተ፣ በሰው ሠራሽ ተራራ መሃል የሚያልፍ ኤክስፔዲሽን ኤቨረስት የሚባል ሮለርኮስተር አለ። ተራራው ውስጥ የተቀመጠው «የቲ» የሚባል ግዙፍ የበረዶ ጭራቅ በተሳፋሪው ላይ እጁን እንዲወረውር ተደርጎ ነበር የተሠራው። ብዙም ሳይቆይ ተበላሸና እንደቆመ ቀረ። የሚንቀሳቀስ እንዲመስል ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አበሩበት፤ አፍቃሪዎቹም «ዲስኮ የቲ» ብለው ስም አወጡለት። አዲስ ተሳፋሪ በድንጋጤ ይጮኻል። እኛ አልጋ ላይ የዋለ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው አንገታችንን ነቅነቅ አድርገን እናልፋለን።

የደህንነት ማስታወቂያው ሲጀምር ከንፈሬ አብሮ ይንቀሳቀስ ኖሯል። ከፊቴ ያለ ሕፃን አባቱን ጎተት አድርጎ አሳየው፤ አባትየው ልጁን ወደ ራሱ አስጠጋ።

ከፊቴ ሠላሳ የሚሆን ሰው ሲቀር ሰማዩ ጉርምርም አለ። ክረምት ላይ ፍሎሪዳ ከሰዓት በኋላ መብረቅ የተለመደ ነው፤ መብረቅ ሲቃረብ ደግሞ ሜዳ ላይ ያሉ መጫወቻዎች ይቆማሉ። ሲያልፍም ወዲያው አይከፈቱም። ባዶ ባቡር አስሩጠው ይፈትሻሉ፣ ስለዚህ ከግማሽ ሰዓት በታች ይከፈታል ብሎ መቆም የዋህነት ነው። የከፈሉት ቀጠሯቸው ተዛውሮ ሌላ ጊዜ እንዲመለሱ ተነገራቸው። ለእኛ «ስለ ትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን» ተባለልን። ስልኬን አውጥቼ የራዳር ካርታ ላይ ዝናቡ ወዴት እንደሚሄድ ላይ ስል፣ ጥቁር ስክሪኑ ላይ የራሴን ፊት አየሁ። ሞቷል።

ነባር አፍቃሪ ምን ያህል እንደቀዘቀዘ በሚመርጠው ነገር ይታወቃል። መጀመሪያ በር ሲከፈት መሮጥ ይተዋል። ቀጥሎ እኩለ ቀን ላይ ሆቴል ሄዶ ይተኛል። ከዚያ «ለምግቡ ነው የምመጣው» ማለት ይጀምራል። መጨረሻ ላይ ሰልፍ የሌለውን፣ ወንበር ያለውን፣ ኤሲ የሚነፍሰውን ትርዒት ሁሉ በአድራሻ ያውቀዋል። ማጂክ ኪንግደም ያለው ካሩሰል ኦፍ ፕሮግረስ የዚህ ወገን መናኸሪያ ነው። በ1964 ለኒውዮርኩ የዓለም ኤግዚቢሽን የተሠራ፣ ከ1975 ጀምሮ ፍሎሪዳ ያለ፣ ተመልካቹን ከነወንበሩ መድረክ ለመድረክ የሚያዞር ቲያትር ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ለአጭር እንቅልፍ ልክ ነው።

እኔም የምገኝበትን ስለማውቅ እንዲህ ዓይነት አንዱ ውስጥ ገብቼ እግሬን ዘረጋሁ። ልጅቷ የት እንዳለሁ መደወል ስላልቻለች፣ ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ እዚያው መጥታ አገኘችኝ። ፀጉሯ ረጥቧል፣ ዓይኗ ይንቦገቦጋል።

«እዚህ እንደምሆን እንዴት አወቅሽ?»

«ዕቅድህ ገጽ ሦስት ላይ "ሲደክማችሁ" የሚል አለ እኮ፣ ጋሼ።»

ልቤ ሞቅ አለ። «ስለዚህ አነበብሽው! ጠቀመሽ?»

ትንሽ አሰበች። ፓወር ባንኳን አውጥታ እየሰጠችኝ፣ «መጸዳጃ ቤቱ» አለች፤ «እውነትም ሰው የለም።»