ቁልፏ ተነቅሎም የማትጠፋ መኪና

ሜክሲኮ አካባቢ ያለው መሥሪያ ቤታችን በር ላይ ነው የሆነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ግድም፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። መኪናዬን አቆምኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ፣ ነቀልኩ፣ ቦርሳዬን ይዤ ወረድኩ። ሞተሩ ግን አልሰማኝም። ተግ ተግ ተግ እያለ ቀጠለ። ጥበቃው መጀመሪያ እኔን አየኝ፤ ቀጥሎ እጄ ላይ ያለውን ቁልፍ።

«እትዬ፣ ይቺስ ጸበል ሳያስፈልጋት አይቀርም» አለኝ።

ኮፈኑን ከፍቼ «ስቶፕ» የሚል የተጻፈባትን ትንሽ ማንሻ ተጫንኳት። ጸጥ አለ። ጥበቃው አማተበ።

መኪናዬ ማርቸዲስ 240 ዲ ናት፣ በፈረንጆቹ የ1983 ሞዴል። ደብልዩ 123 የሚባለው ዘር ነው። ከ1975 ጀምሮ እስከ 1986 መጀመሪያ ድረስ ወደ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ተሠርቷል። ጀርመኖቹ ታክሲ ሲያደርጉት የኖሩት መኪና ነው። እኛ ዘንድ ግን ኮከቧ ፊት ለፊት ስላለች የትልቅ ሰው መኪና ትመስላለች። ነዳጅ ማደያ ስገባ ሁልጊዜ «የባለቤትሽ ናት?» እባላለሁ። አይደለችም። ባለቤቴ የሚነዳው ቪትዝ ነው።

የገዛኋት ካዛንቺስ ሲፈርስ ነው። ሽማግሌው ባለቤቷ ሸራ አልብሰው አሥራ አንድ ዓመት ግቢያቸው አቁመዋታል። የሚገቡበት ኮንዶሚኒየም ማቆሚያ ስለሌለው ሸጡልኝ። ሊብሬውን ሲያስረክቡኝ ሸራውንም አጣጥፈው ሰጡኝ። ወንድሜ «በዚህ ብር የኤሌክትሪክ መኪና ቀብድ ትከፍዪ ነበር» ብሎ እስከ ዛሬ ያሾፍብኛል። እውነቱን ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል።

ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ ራዲያተሩን አሠራሁ። ላሜራዋ እግር ማሳረፊያው ጋ ብቻ ነበር የበላው። ባትላሜራው ቆርጦ በየደ፣ ስቱኮ እንዳይጭንበት ለምኜው። ከዚያ በቀር ያስቸገረችኝ ያ አለመጥፋቷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናፍጣ ሞተር በብልጭታ የሚያቀጣጥል ካንዴላ የለውም፤ ስለዚህ እንደዚህች ያለው የድሮ ሞተር ኤሌክትሪክ ቢቋረጥበትም አይጠፋም። ማጥፋት የሚቻለው ናፍጣውን በመዝጋት ነው። ይቺ መኪና ናፍጣውን የምትዘጋው በመምጠጥ ነው። ሞተሩ ላይ አየር የሚመጥጥ ፖምፓ አለ። ቁልፉ ሲዞር ያ የመምጠጥ ኃይል በቀጭን ቱቦ ሄዶ ናፍጣውን ይዘጋል። እዚህ ላይ ነው የጀርመኖቹ ብልሃት የመጣው፤ የሹፌሩ በር በቁልፍ ሲቆለፍ ሌሎቹን በሮች የሚቆልፈው ያው የመምጠጥ ኃይል ነው። በሩና ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ ይኖራሉ።

የኋላው የግራ በር ከገዛኋት ጀምሮ አይቆለፍም ነበር። «በር ምን ያደርጋል» ብዬ ተውኩት። ሞተሩ አልጠፋ ሲል አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ቱቦ ቀየርን አሉኝ፣ ከፈልኩ፣ ሁለት ሳምንት ሠራች። ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ያ ጉድ መጣ።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያገኘኋቸው መካኒክ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ኮፈኑ ውስጥ አጎነበሱና ሳቁ። ከሳቅም ሳቅ። ጋራዡ የቀየረው ቱቦ የግሉኮስ ላስቲክ ነበር፤ ሆስፒታል ክንዳችን ላይ የሚሰኩብን። «ጠዋት ይሠራል አይደል ልጄ?» አሉኝ። አዎ። «ቀን ይሞቃል፣ ይለሰልሳል፣ ሲመጠጥ ደግሞ ግድግዳው ይጣበቃል። ለታመመ ሰው ነው እንጂ ለማርቸዲስ ግሉኮስ ማን ይሰጣል?»

ቱቦውን አውጥተው በደህና ቱቦ ተኩት። ቀጥለው ወደ በሮቹ የሚሄደውን መስመር በምስማር ደፈኑና ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ ወዲያው ጠፋ። «በርሽ ነው የሚተነፍሰው» አሉ። የኋላውን የግራ በር ቆዳ ስንፈታ ውስጡ ያለችው ጎሚኒ እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጣጥቃለች።

ሶማሌ ተራ ሦስት ሱቅ ዞርኩ። ሁለቱ «ሙሉውን በር ውሰጂ» አሉኝ። ሦስተኛው ከተፈታ መኪና ላይ የወጣች አንዲት አገኘልኝ፣ 1,800 ብር። የቱቦ መጋጠሚያዎቹን ደግሞ ጀርመን ያለ የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ሲመጣ ከቸኮላት ጋር ሻንጣው ውስጥ አመጣልኝ። የዚህን መኪና ዕቃ እዚያ ዛሬም አዲሱን ይሸጣሉ። የቪትዙ ጎሚኒ ግን በየወሩ ቻይና ሠራሽ ነው የሚቀየረው፤ ይህን ለወንድሜ ብነግረው አልሰማኝም።

ፍጥነት የሚፈልግ ሰው አይግዛት። 72 የፈረስ ጉልበት ነው ያላት፣ ያውም ባሕር ጠረፍ ላይ ሲለካ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የላትም። ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ስንወጣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ታቃስታለች፣ ሚኒባሶች ክላክስ እየነፉ ያልፉናል። ጋሼ የናፍጣውን ልክ ትንሽ ዝቅ አድርገው ጭሷን ቀነሱልኝ፤ ለቦሎ ምርመራ ጠቅሞኛል። በከተማ መንዳት 100 ኪሎ ሜትሩን በ10 ሊትር ግድም ትሄዳለች። ወንበሯ ግን! ከሰሚት ሜክሲኮ ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ተዘግቶብኝ፣ ወገቤን ሳያመኝ ወርጃለሁ።

አሁን ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ይጠፋል። ስቆልፋት አራቱም በሮች ተራ በተራ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ትንሽ ቆይቶ ጠቅ ይላሉ። የመጨረሻው የኋላው የግራ ነው፤ አሁንም ሰነፍ ነው። ጥበቃው ሳቆማት ጆሮውን አቁሞ ይቆጥራል።

የቀረኝ ክሩስኮቶው ላይ ያለው ሰዓት ነው። አራት ከሃያ ላይ እንደቆመ ነው። በኛ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሽማግሌውን ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።