«ለእርስዎ የተመረጡ»

የምሠራው ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ውስጥ ነው። የመመረቂያ ጽሑፎች የሚቀመጡበትን ዲጂታል ማከማቻ የምይዘው እኔ ነኝ። ዲስፔስ በሚባል የዲጂታል ማከማቻ ሶፍትዌር ነው የሚሠራው። ሰው ይገባል፣ የሚፈልገውን አንድ ፒዲኤፍ ያወርዳል፣ ይወጣል። ተማሪ ዓመት ሙሉ የለፋበት ቴሲስ ማንም ሳይከፍተው ይኖራል። ይሄ በጣም ያንገበግበኝ ነበር።

ስለዚህ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ሳጥን ጨመርኩ። «ለእርስዎ የተመረጡ» አልኩት። ብሮውዘሩ ላይ የምትቀመጥ ኩኪ የምትባል ትንሽ ፋይል አንባቢው የከፈተውን ትይዛለች፤ ሲስተሙ ከዚያ ጋር የሚቀራረቡ አምስት ጽሑፎችን ያወጣል። ቢሮዬ ሆኜ ስሞክረው ግሩም ነበር። የቢሮዬን ኮምፒውተር ግን ከእኔ ሌላ የሚነካው የለም። የንባብ ክፍሎቹን ኮምፒውተሮች አላሰብኳቸውም። እነሱ ላይ በይለፍ ቃል የሚከፈት የግል መግቢያ የለም፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይቀመጣል፣ ብሮውዘሩም እንደተከፈተ ይውላል።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት የማስተርስ ተማሪ ቢሮዬ ገባች። በሩን ዘጋችው።

«ያ ሳጥን የማን ሥራ ነው?»

«የእኔ ነው። ምነው?»

ጠዋት የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ስለሚወስዱ ሰዎች የተጻፉ ቴሲሶችን ስታይ ቆይታ ሻይ ልትጠጣ ወጣች። የክፍሏ ልጅ ቦታዋ ላይ ተቀመጠ። ገጹን ሲከፍት አምስት ርእሶች ተደርድረው ጠበቁት፤ አምስቱም ስለ ኤችአይቪ። ጮክ ብሎ አነበባቸው። ከዚያ «እዚህ ማን ነበር የተቀመጠው?» ብሎ ጠየቀ። እሷ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

«ለጥናት ነው ብትዪውስ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ለምን ብዬ ነው የማስረዳው?» አለችኝ። «ለጥናትም ይሁን ለራሴ፣ እሱን ምን አገባው?»

አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። የቦርሳዋን ማንገቻ እጇ ላይ እየጠቀለለች እየፈታች ቆመች። እኔ ለእሷ መፍትሔ የሰጠሁ መስሎኝ እንድትዋሽ ወይም እንድትናዘዝ እየጠየቅኳት ነበር። ያቺ ጥያቄዬ እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች።

ሳጥኑን እዚያው ፊቷ አጠፋሁት።

ከሰዓት በኋላ ለላይብረሪው የመጽሐፍ ውሰት ክፍል አንጋፋ ባለሙያ ነገርኳቸው። እትዬ መሳቢያቸውን ከፍተው የድሮ የመጽሐፍ ካርድ አወጡ። ቢጫ ሆኗል። የተዋሰው ሰው ስምና ቀን በመስመር በመስመር ተጽፎበታል። «ይሄን ለማንም አላሳይም ነበር» አሉኝ። «ሰው ጠረጴዛዬ ጋ ሲጠጋ እጄን እጭንበታለሁ። መምህሩም ቢሆን፣ አለቃም ቢሆን። አንተ ግን ካርዱን ግድግዳ ላይ ለጠፍከው።» የአሜሪካ ላይብረሪያኖች ማኅበር የአንባቢን ምስጢር መጠበቅን በ1939 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ምግባር ደንቡ ውስጥ አስገብቶታል። እኛም ዛሬ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። እትዬ ግን አዋጅ እስኪወጣ አልጠበቁም።

አሁን ያለው ሌላ ነው። አንድ ቴሲስ ሲከፈት ከሥሩ «ተመሳሳይ ጽሑፎች» ይመጣሉ። የሚነጻጸሩት ጽሑፎቹ ራሳቸው ናቸው፤ በርእሳቸውና በአጭር መግለጫቸው ቃላት። ማን እንዳነበበ ሲስተሙ አያውቅም። እዚህ ያለፋኝ አማርኛው ነው። ለማሽኑ «ሕክምና» እና «ህክምና» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ «ሥነ ልቦና» እና «ስነ ልቦና»ም እንደዚሁ። ከማነጻጸሩ በፊት ሞክሼ ፊደላቱን አንድ ማድረግ ነበረብኝ። ያን ከሠራሁ በኋላ ተቀብረው የኖሩ የአማርኛ ቴሲሶች እርስ በርስ ተገናኙ። በጣም ደስ አለኝ።

አንድ ኃላፊ ግን አልተደሰቱም። ሳጥኑ በነበረበት ጊዜ የማውረድ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ነበር፤ በሪፖርት ላይ ጥሩ ይታያል። «አንዲት ልጅ ቅር ስላላት ሲስተም ይጠፋል?» አሉኝ ስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት። የግል መግቢያ ይሠራና አንባቢው ራሱ ፈቅዶ ያብራው አልኳቸው፤ እስኪበራ ድረስ ዝግ ይሁን፣ ሲወጣም ይጥፋ። ለዚያ በጀት የለም ተባለ። ሳጥኑን ለመመለስ ግን በጀት አያስፈልግም፤ አንዲት መስመር መቀየር ነው።

በየሩብ ዓመቱ ይጠይቁኛል። ባለፈው ሳምንትም ጠየቁኝ። ሳጥኑን አልመለስኩትም።