ጉልበቴና ብስክሌቴ ታረቁ

ዛሬ ከአራት ወር በኋላ በብስክሌት ሥራ ገባሁ። ከአያት እስከ መገናኛ!

ትናንት ማታ ኮርቻውን ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጌው ነበር። ዝቅ ካለ ጉልበት አብዝቶ ይታጠፋል፣ ጫናውም ይበረታል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። መጀመሪያ ላይ ጉልበቴ ግትር አለ። ማርሹን አቀለልኩና እግሬን ቶሎ ቶሎ አዞርኩት። ፊዚዮቴራፒስቷ ደጋግማ የመከረችኝ ይህንኑ ነው፤ እግዜር ይስጣት።

ሲኤምሲ ስደርስ ሰውነቴ ሞቀ፣ ሕመሙም ለቀቀኝ። አንድ የሚኒባስ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ «አይዞን ጋሼ!» አለኝ። እንባዬ መጣ። ስንት ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ይህቺን መንገድ ናፍቄያለሁ!

ማታ ጉልበቴ ትንሽ አብጦ ነበር። በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ ያዝኩበት። ነገ አሳርፈዋለሁ፤ ከነገ ወዲያ እንደገና እንወጣለን።