ሌላው ዓይኔ የት ሄደ?

«ልጄ፣ ሌላው ዓይኔ የት ሄደ?»

እትዬ ይህን ሲጠይቁኝ ታኅሣሥ 17 ነው፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ከዚያን ቀን ወዲህ ጥርሴን ስቦርሽ ይመጣብኛል፤ ባጃጅ ውስጥ ይመጣብኛል፤ ማታ ጋደም ስል ደግሞ በራሳቸው ድምፅ ይመጣብኛል። ጥያቄውስ ይሁን። እኔን ያቃጠለኝ መልሴ ነው። «አለ እኮ እትዬ፣ በዚያኛው በኩል ነው» አልኩና በእጄ ወደ ባነሩ ጀርባ ጠቆምኩ። እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ ዞሮ ጀርባውን አየ። ነጭ ነው። ጭራሽ አንዱ ልጅ አምኖኝ ጎንበስ ብሎ ከሥር ፈለገ።

(የእትዬን ስም አልጠራም። የደረሰባቸው ይበቃቸዋል።)

ኢሉስትሬሽን እማራለሁ፣ ማታ ማታ። መምህራችን ለሴሚስተሩ መዝጊያ «በሠራችኋቸው የዲዛይን ፕሮጀክቶች እንዴት እንዳደጋችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ» ብሎናል። የሠራሁት ሦስት ነው። ትናንት ማታ ሦስቱንም ወለል ላይ ዘርግቼ ያደግኩበትን ቦታ ስፈልግ አመሸሁ። ማደግስ አድጌያለሁ። በመደበቅ።

የመጀመሪያው የአክስቴ ልጅ የሠርግ ጥሪ ካርድ ነበር። እኔ ጣት መሳል አልችልም። ወይ ስድስት ይሆንብኛል፣ ወይ አምስቱም ተጣብቀው ዳቦ ይመስላሉ። ስለዚህ የሙሽራውንም የሙሽራዪቱንም እጅ እስከ ክርናቸው አበባ ውስጥ ከተትኩት። መምህሩ «አበባው ዓይንን ወደ መሀል ይስባል፣ አስበሽበታል» አለ። እኔ ያሰብኩት ሃያ አራት ጣት እንዳይመጣብኝ ነው። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሥራ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የኔ ፎንት አልነበረምና የሙሽሮቹ ስም ባዶ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ወጣ። ለናሙና አንድ ካርድ ባይታተም ኖሮ አራት ሣጥን ከአምስት ሣጥን ጋር የጋብቻ ሥነ ሥርዓታቸውን ሊፈጽሙ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፊደሉን ወደ ቅርጽ ሳልቀይር ፋይል ከእጄ አይወጣም።

ሁለተኛው ለልጆች ተረት የሚሆን ግመል ነበር። የግመልን ጉልበት ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? በመንገድ ሲያልፍ አየዋለሁ፣ ይገባኛል፤ ቤት ገብቼ ስስለው የታጠፈ ወንበር ይሆናል። እናም ደቻቱን ሲሻገር ሳልኩት፣ ውሃው እስከ ሆዱ። መምህሩ አይቶ አይቶ «አንቺ፣ ደቻቱ ውስጥ ውሃ ያየሽው መቼ ነው?» አለኝ። የድሬ ልጅ ሆኜ! አብዛኛውን ዓመት አሸዋ የሆነ ወንዝ። ጎርፍ በመጣበት ቀን ደግሞ እንኳን ግመል ማንም አይሻገረውም። ውሃውን አጥፍቼ አቧራ አስነሳሁበት። እግሩ አሁንም የለም። «ድባቡ ይሰማል» ተባልኩ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ክፍል ውስጥ «ስታይል አላት» የሚል ስም ወጣልኝ። ስታይል የተባለው መሳል የማልችላቸው ነገሮች ድምር ነው።

የቀረኝ ዓይን ነበር። አንድ ዓይን አምሮ ይወጣልኛል፤ ሽፋሽፍቱ፣ ብሌኑ ላይ ያለችው የብርሃን ነጥብ፣ ሁሉ ነገር። ጠላቴ ሁለተኛው ነው። አንደኛው ከዚራ ሰፈር ከተቀመጠ፣ ሌላው ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ ይገባል።

እትዬ የእናቴ ጓደኛ ናቸው። ከዚራ ዛፍ ሥር ሻይና ሳምቡሳ ይሸጣሉ። ለቁልቢ ገብርኤል ከየአገሩ የሚመጣው እንግዳ በድሬ ሲያልፍ እንዲያየው ባነር አማራቸው። «ፊቴ ይውጣበት፣ ሰው ፊት ካላየ አያምንም» አሉ። ሁለት ዓይን! ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩና በጠዋት ሄጄ «በጎን ነው የምስልዎት እትዬ፣ አሁን ዘመናዊው እሱ ነው» አልኳቸው። «አንቺ ታውቂያለሽ» አሉ። አለማወቄን ያየ አልነበረም።

ክፍያው ላይ ለጥቂት ደቂቃ ልቁም፣ ከውስጤ ስላልወጣልኝ። የተስማማነው በአንድ ወር ቁርስ ነው። «ተሰጥኦሽ አይደል፣ ላንቺ ምን አላት» ተባልኩ። ጎሚስታውን «ተሰጥኦህ አይደል፣ ይቺን ጎማ ዝም ብለህ ለጥፍልኝ» የሚለው ሰው አለ? የለም። በተነፈሰ ጎማ ላይ ቆሞ ስለ ተሰጥኦ የሚያወራ የለም። እኔ ግን እናቴ ከምታውቀው ሰው ሁሉ «ስትስዪ እኮ ትዝናኛለሽ» እየተባልኩ አራት የልደት ካርድ፣ አንድ የዕቁብ ማኅተምና የጎረቤታችንን ሟች አባት ከጉርድ ፎቶ አሳድጌ ስያለሁ። ጉርዱ ላይ አንድ ጆሯቸው ተቆርጧል። ጆሮውንም በነጻ ጨመርኩ። ቁርሱንም ብትሉ ሳምንት አልበላሁትም፤ ከዚያች ጠዋት በኋላ በየት በኩል ገብቼ ሻይ ልዘዝ?

ወደ ዓይኑ ልመለስ።

የሚያናድደኝ ተምሬው መሆኑ ነው። በሴሚስተሩ ሦስተኛ ሳምንት መምህራችን ስለ ድሮው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ሲያስተምር «ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላል፤ ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ የሚሰቅሉት ወታደሮች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን» ብሏል። ደብተሬ ላይ አለ። በቀይ አስምሬበታለሁ። ፈተና ላይ መጥቶ ከአምስት አምስት አግኝቼበታለሁ። ከዚያ በገዛ እጄ፣ የሰንበቴ ማኅበርተኛ የሆኑትን ሴትዮ፣ የቁልቢ ሰሞን፣ በጎን ሳልኩ።

ከፊታቸው ጎን «የምስር ሳምቡሳ ከሻይ ጋር» የሚል ጽሑፍ አለ፣ የነቢያት ጾም ስለሆነ። ከሥሩ ደግሞ ከመንገድ ማዶ እንዲነበብ አግዝፌ ዋጋውን ጻፍኩ። 30 ብር። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ ዓይን የተሳለ ፊት፣ አጠገቡ ሠላሳ ብር። ያኔ ምንም አልታየኝም። ፎንቱን ወደ ቅርጽ መቀየሬን እንጂ!

ማተሚያ ቤቱ ደግሞ የበኩሉን አዋጣ። እኔ የሠራሁት 2 ሜትር በ1 ሜትር ነው። እትዬ በኋላ ሄደው «ለእንግዳ ነውና ሰፋ ይበል» ብለው 3 በ1 ከፍለዋል። ልጁ አልደወለልኝም። «ጎኑ ባዶ ሊቀር ነበር፣ ሳብ አድርጌ ሞላሁልሽ» አለኝ፣ ውለታ እንደዋለ ሰው ፈገግ ብሎ። ከላይ ወደ ታች ያው 1 ሜትር ነው፤ ወደ ጎን ብቻ ነው የሳበው። 20 ሳንቲ ሜትር የነበረው የእትዬ አፍንጫ 30 ገባ። 30 ከዚህ ባነር አልወጣ አለ።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት ግን ዛፉ ሥር ነው። ሁለት ልጆች መሰላል ላይ ወጥተው ጥቅሉን ከቀኝ በኩል መፍታት ጀመሩ። መጀመሪያ ስልክ ቁጥሩ መጣ፤ ሰው አጨበጨበ። ሳምቡሳው መጣ፤ እልል ተባለ። ከዚያ የአፍንጫው ጫፍ መጣ። ቀጠለ። ልጁ ይፈታል፣ አፍንጫው ይመጣል፤ ልጁ ይፈታል፣ አሁንም አፍንጫ ነው። አንድ የባጃጅ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ «አቦ፣ ይሄ ነገር ፊት አለው?» አለ። በመጨረሻ ዓይኑ ደረሰ።

ሳብ ሲደረግ የእንጀራ አገልግል ክዳን ሊያክል ምንም አልቀረውም። ሽፋሽፍቱ እንደ መጥረጊያ ተበትኗል። ያቺ የምኮራባት የብርሃን ነጥብ የሻይ ብርጭቆ አፍ አክላ ቁጭ ብላለች። የትም ብትቆሙ ታያችኋለች። አንዲት ፍየል መንገድ ቀይራ ስትሄድ አይቻለሁ፣ አጋጣሚ ነው እንዳትሉኝ። ሻይ የያዙ ሰዎች ብርጭቆውን አስቀመጡ። አንድ የሻይ ዱቤ ያለበት ሰውዬ ሳይጠየቅ ሒሳቡን ከፈለ።

እትዬ የጠየቁት ያኔ ነው። እኔም ጀርባውን ያሳየሁት።

በዚህ መሀል ለቁልቢ የተዘጋጁ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ራመድ አሉ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ዓይኑን አዩ። ከዚያ እያንዳንዱን ፊደል እየለቀሙ አነበቡ። «ሠ-ላ-ሳ… ብር።» ዝም። ወደ እትዬ ዞሩ። «እህቴ፣ ይሄ የይሁዳ አሳሳል አይደለም?»

እትዬ ነጠላቸውን አጣፉ። «እኔ ማንን ሸጥኩ?» አሉ፣ ለመንገዱ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ። «ሳምቡሳ ነው የሸጥኩት!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ዓይን አውጣ!» አሉኝ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተሰድቤያለሁ፤ ስድብ እንዲህ ልክክ ብሎ የገባልኝ ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ባነሩ ይውረድ እንዳይባል የታተመበት ገንዘብ አሳዘናቸው። ስለዚህ ከመጋላ አንድ የድሮ የጽሕፈት ሠዓሊ አስጠሩ፤ በብሩሽ የሱቅ ስም ሲጽፉ ያረጁ ሰው ናቸው። በጣሳ ጥቁርና ነጭ ቀለም ይዘው መጡ፣ መሰላሉ ላይ ወጡ፣ ሲጋራቸው ሳያልቅ ሁለተኛ ዓይን ስለው ወረዱ። የት? ሌላ ቦታ የለማ። ጉንጫቸው ላይ፣ ወደ ጆሮ ጠጋ ብሎ። ምን ልበላችሁ፣ ከኔው ዓይን ጋር እኩል ነው። በመስፈሪያ የተለካ ይመስል እኩል። 800 ብር ጠየቁ። እትዬ ሳይከራከሩ፣ ከመቀነታቸው ፈትተው፣ ቆጥረው ሰጧቸው። ለአንድ ዓይን! ሠዓሊው ሊሄዱ ሲሉ ደግሞ እትዬ ጠሯቸውና «ያቺን 30 ደግሞ 35 አድርጉልኝ፣ ከይሁዳ ገንዘብ ጋር እንዳትገጥም» አሉ። በሃይማኖት ምክንያት አምስት ብር ተጨመረ። ሻዩ ያው ነው፣ ሳምቡሳውም ያው ነው።

ገበያው ደራ። የቁልቢ እንግዳ እየቆመ ፎቶ ይነሳል። የባጃጅ ሹፌሮች መጀመሪያ «ዓይኑ ጋ» ይሉ ነበር፤ አሁን በብዙ ቁጥር ሆኗል። «ወራጅ፣ ዓይኖቹ ጋ!» በቀን ሁለት ጊዜ፣ ስሄድና ስመለስ እሰማዋለሁ። እኔ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ።

ባለፈው ሐሙስ መምህሩ ክፍል ሲገባ ስልኩን ወደ እኛ አዞረ። ፎቶው የእትዬ ነው። ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ። «ይቺን ማን እንደሠራት ታውቃላችሁ?» አለና ወደ እኔ ጠቆመ። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስለ ፒካሶ አስተማረ፤ በጎን በሚታይ ፊት ላይ ሁለት ዓይን ስለማስቀመጥ፣ ስለ ኩቢዝም፣ ከአገራችን የሥዕል ልማድ ጋር «ሆን ብላ» ስለመጋጨቴ። አፍንጫውንም «የተጋነነ፣ ግን የታሰበበት» አለው። ከ30 28 ሰጠኝ። ከ30 እንደሆነ ልብ በሉልኝ። «ሁለተኛውን ዓይን እዚያ ለማድረግ እንዴት ደፈርሽ?» ሲለኝ ክፍሉ ሁሉ እኔን ያያል። ሽማግሌው ሠዓሊ፣ ጣሳቸው፣ 800 ብሩ፣ ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ።

«ስሜቴን ተከትዬ» አልኩ።

የማደጌ ገጽ ነገ ይገባል። እስካሁን ስሜን ጽፌበታለሁ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ እናቴ ስልኳን አቀበለችኝ። እትዬ ናቸው፤ የታረቅን መሰለኝ። ከሻይ ቤታቸው ማዶ ያለው ባለ ሥጋ ቤት ለገና የሚሆን ባነር ይፈልጋል፤ ትልቅ በሬ፣ አስቀድሞ የሚከፈል ጥሬ ገንዘብ። ሁለት ዓይን እንዲኖረው ቃል ካልገባች አልሰጣትም ብሏል። ቃል ገባሁ። ከሰዓቱን ሙሉ ስስል ዋልኩ። በሬው ፊት ለፊት ነው፣ ሁለቱም ዓይኖቹ በቦታቸው ናቸው፣ ቆጥሬያቸዋለሁ።

ሰኮናው አስቸገረኝ። ሣር ውስጥ አስገብቼዋለሁ።