ሐይቁ ሲተኛ የሚጠፋ ኔት

ከሐዋሳ ሐይቅ ማዶ አንድ የእንግዳ ማረፊያ አለ። ስሙን ልተወው። ኔት የሚሄድለት ከተማው ውስጥ ካለ ፎቅ በሬዲዮ ነው። ፎቁ ላይ አንድ ዲሽ፣ ማዶ አንድ ዲሽ፣ መሃላቸው 6 ኪሎ ሜትር፣ አብዛኛው ውሃ። እኔ የሰቀልኩት አይደለም። ተሰቅሎ፣ አስቸግሮ፣ ሦስት ሰው አይቶት ካቃተው በኋላ ነው ለእኔ የተደወለው። ዕድሌ ሁሌም እንዲህ ነው።

የማረፊያው ባለቤት በስልክ «ጠዋት ጠዋት የለም» አሉኝ። «እንግዶቼ ቁርስ ላይ አንዴ ስልካቸውን፣ አንዴ እኔን ያያሉ።»

መጀመሪያ ፎቁ ላይ ወጥቼ ላፕቶፔን ሰካሁና የሬዲዮውን ሴቲንግ ከፈትኩ። ሳቄ መጣ። የቻናል ስፋት፣ ማለትም ሬዲዮው አየር ላይ የሚይዘው መንገድ ስፋት፣ 80 ሜጋኸርዝ። ፓወር እስከ ጥግ። ቻናል አውቶ። አንዱ ያገኘውን ቁጥር ሁሉ ወደ ላይ ገፍቶታል። የሙያችን በሽታ ነው፣ እኔም ታምሜበታለሁ። ሲግናል ደከመ? ፓወር ጨምር። ፍጥነት ቀነሰ? ቻናል አስፋ።

በር ሲሰፋ ግን ሰው ብቻ አይገባም፣ አቧራውም ይገባል። ስፋቱን ከ20 ወደ 80 ስትወስደው ሬዲዮው የሚሰማው ጫጫታ አራት እጥፍ ይሆናል፣ በእኛ የሲግናል መለኪያ 6 ዲቢ ማለት ነው። ሰፈሩ ደግሞ ጣራው ሁሉ ዲሽ ነው። ፓወሩም ያው ነው። የሠርግ ድንኳን ስፒከር እስከ ጥግ ሲከፈት ድምፁ እንደሚሰነጠቀው፣ ሬዲዮም ሲጮህ ሲግናሉ ይበላሻል። ፈጣኑ ዳታ የሚያልፈው ደግሞ ጥርት ባለ ሲግናል ብቻ ነው።

ስፋቱን 20 አደረግኩት። ፓወሩን ወደ 20 ዲቢኤም (የሬዲዮ ኃይል መለኪያ ነው) አወረድኩ። ስካን አድርጌ 5800 ሜጋኸርዝ አካባቢ ጸጥ ያለ ቻናል አገኘሁ። ርቀቱንም በእጄ ሞላሁ፤ ይሄኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሬዲዮው አንድ ነገር ልኮ «ደርሶኛል» የሚል መልስ ይጠብቃል። በብርሃን ፍጥነት እንኳን 6 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 20 ማይክሮ ሰከንድ፣ ለመመለስ ሌላ 20 ያስፈልጋል። ርቀቱ አጭር ተብሎ ከተሞላ መልሱ መንገድ ላይ እያለ ሬዲዮው ተስፋ ቆርጦ ደግሞ ይልካል።

እዚህ ላይ አንድ ጉዴን ልናገር። ዓምና ሌላ ቦታ ስፋቱን ከቅርቡ ሬዲዮ ጀምሬ ቀየርኩ። ማዶ ያለው በድሮው ቀረ፣ ተለያዩ። በሞተር እስከ ማዶ ዞሬ፣ አቧራ ጠጥቼ፣ አንዲት ቁጥር ለመቀየር። ከዚያ ወዲህ ሁሌ ከማዶ ነው የምጀምረው። ማዶው ሲቀየር ይጠፋል፣ ቶሎ ብዬ የቅርቡን ስቀይር ይመለሳል። ሬዲዮው ማይክሮቲክ የሚባለው ሥሪት ከሆነ ደግሞ ሴፍ ሞድ የሚባለውን መጠበቂያ ሳላበራ ምንም አልነካም። ከተሳሳትኩና ግንኙነቴ ከተቋረጠ የነካሁትን ራሱ ያጠፋልኛል።

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሲግናሉ ማይነስ 58 ነበር፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ይጠነክራል። ወረቀት ላይ ያሰላሁት ማይነስ 57 ነው፦ 20 ፓወር፣ ሁለቱ ዲሾች እያንዳንዳቸው የሚጨምሩት 23፣ ከዚያ ላይ መንገድ ላይ የሚጠፋው 123 ሲቀነስ። ደስ ብሎኝ አሞራ ገደል ወርጄ ዓሣዬን በላሁ።

በነጋታው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የማረፊያው ባለቤት ናቸው። ገብቼ ሳየው ማይነስ 79። ሴቲንጉ እንዳለ ነው፣ ማንም አልነካውም።

ረዳቴን ይዤ ማዶ ሄድኩ። የግቢው ዘበኛ፣ ጋቢያቸውን እንደደረቡ፣ ፖሉ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። «ልጄ» አሉኝ፣ «ሐይቁ ሲተኛ ነው የሚጠፋው። ነፋስ ሲነሳ ይመጣል።»

እሺ ጋሼ ብዬ ላልፍ ነበር። ግን ዞር ብዬ ሐይቁን አየሁት። መስታወት ነው። ዳር ላይ አንድ አባ ኮዳ ቆሟል። ከእግሩ ሥር ሌላ አባ ኮዳ ተዘቅዝቆ ቆሟል፣ መላጣው ሳይቀር።

የእኔም ሞገድ እንደ ወፉ ሁለት ሆኖ ነው የሚደርሰው። አንዱ በቀጥታ፣ አንዱ ውሃው ላይ ነጥሮ። ደብተሬን አወጣሁ። የፎቁ ዲሽ ከውሃው 15 ሜትር ከፍ ይላል፣ የማዶው 10። የሁለቱ መንገድ ልዩነት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ መጣ። የሞገዱ ርዝመት ደግሞ 5.2 ሴንቲ ሜትር ነው። ውሃ ላይ የነጠረ ሞገድ ይገለበጣል። ስለዚህ አንድ ሙሉ ሞገድ ዘግይቶ ሲደርስ ከቀጥተኛው ጋር ፊት ለፊት ይጋጭና ይጠፋፋሉ። ከሰዓት ነፋሱ ውሃውን ሲያናውጠው የነጠረው ይበታተናል፣ ቀጥተኛው ብቻውን ይቀራል። ይሄን የሚያስተካክል ሴቲንግ የትኛውም ገጽ ላይ የለም።

የማዶውን ዲሽ ወደ 7 ሜትር ለማውረድ ወሰንኩ። ልዩነቱ 3.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ያኔ ሁለቱ ከመጠፋፋት ይልቅ ይደጋገፋሉ። ረዳቴ ፖሉ ላይ ሆኖ «ኧረ ባክህ! ሰው ሲሰቅል እኛ እናወርዳለን?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ዝም ብሎ ማውረድ ግን አይቻልም። በዚህ ርቀት ሞገዱ መሃል ላይ ከቀጥታው መስመር በታች ቢያንስ 5 ሜትር ያህል ነጻ ቦታ ይፈልጋል። መስመራችን ሐይቁ መሃል ከውሃው 11 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፣ ምድር ክብ ስለሆነች መሃል ላይ የምትጎብጠው የሚወስድበት ግማሽ ሜትር ያህል ነው። በቂ ነው። አወረድነው፣ አቅጣጫውን አስተካከልን፣ አሰርን።

ማዶ አደርኩ። በማግስቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሐይቁ ንቅንቅ አላለም። ማይነስ 54። ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ማይነስ 57 ሆነ። አሁን እንዲያውም ሲተኛ ይሻላል።

ለዘበኛው ስክሪኑን አሳየኋቸው፤ ቁጥሩ ምንም አላላቸውም። ያወጣሁትን ስዕል፣ ሁለቱን መስመሮች፣ አሳየኋቸው። ቡናቸውን ፉት አሉና «እኔማ ለሦስቱም ነግሬያቸው ነበር» አሉኝ።