በረኪና ውስጥ የከረሙት ፋይሎች

ደሴ፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ በረዳትነት ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። አርብ አመሻሽ ላይ መብራት ድርግም አለ። የሩት ካናል ፋይሎቹ (የጥርስ ሥር ቦይ የሚጠረግባቸው መርፌ መሳይ ቀጫጭን ብረቶች) ከነቆሻሻቸው ሳህን ላይ ናቸው። በጋለ እንፋሎት ጀርም የሚገድለው ማሽን፣ አውቶክሌቩ፣ ደግሞ ያለ መብራት ተራ ሣጥን ነው። እሳት ላይ ላፍላቸው ብል፣ በደሴ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። (ቆላ ወርደው ቢያፈሉትም ማፍላት ጀርሙን ሁሉ አይገድልም።) በረኪና ቀዳሁ፣ ሁሉንም ዘፈዘፍኳቸው፣ ወደ ቤቴ። «እስከ ሰኞ የሚተርፍ ጀርም የለም» ብዬ ኮርቻለሁ ጭራሽ!

ሰኞ ለቅለቅ አድርጌ አውቶክሌቭ ውስጥ ከተትኳቸው። ሲወጡ ቡናማ ነጥብ ጣል ጣል ብሎባቸዋል። እድፍ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

የመጀመሪያው ታካሚ ከሐይቅ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ተደንዝዘው፣ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ዶክተሯ ቀይ እጀታ ያለውን 25 ቁጥር ፋይል አነሳችና መብራቱ ስር ገለባበጠችው። ቆም አለች።

«ይሄን ምን አደረግሽው?»

ነገርኳት። ማጉያ መነጽሯን አውልቃ ሰጠችኝ። ጠመዝማዛው ስለት ላይ ነቀዝ የበላው እህል የመሰለ ጉድጓድ ጉድጓድ ይታያል። በፒንሴት ጫፉን ይዛ ጎበጥ አደረገችው። ቀጭ!

«ይሄ ጥርሳቸው ውስጥ ቢሆንስ?»

ላብ አጠመቀኝ። የጥርስ ሥር ቦይ ጠማማ ነው። ፋይሉ እየጎበጠ ሲዞር ስንጥቅ የሚጀምረው ከእንዲህ ያለው ጉድጓድ ነው። ተሰብሮ ከቀረ ማውጣቱ ፈተና ነው።

የሚገርመው፣ በረኪናን ራሷ ዶክተሯም ቦዩን ለማጠብ ትጠቀምበታለች። ልዩነቱ ፋይሉ እዚያ የሚቆየው ለደቂቃዎች መሆኑ ነው። የኔዎቹ ሁለት ቀን ተኩል ከረሙበት። ክሎሪኑ ብረቱን በላው። በደንብ ያልታጠበው ቅሪት ላይ የአውቶክሌቩ ሙቀት ሲጨመርበት ባሰ። ለነገሩ አውቶክሌቭም ጀርም ይገድላል እንጂ ቆሻሻ አያነሳም። ፋይሉ ላይ የቀረ ደምና የጥርስ ብናኝ እዚያው ተጋግሮ ይቀራል። በተለይ ከኒኬልና ታይታኒየም ቅይጥ የተሠሩት ፋይሎች ገጽ ደግሞ በአውቶክሌቩ 134 ዲግሪ ሙቀት በተመላለሱ ቁጥር እየሻከረ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙናና በብሩሽ ወዲያው ማጠብ፣ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ፣ በማጉያ ማየት፤ አውቶክሌቭ ከዚያ በኋላ ነው። ያን አርብ መታጠብ ብቻ ነበር የሚያስፈልጋቸው፤ ለዚያ ደግሞ መብራት አያሻም።

ሁሉም ተጣሉ። ዋጋቸውን ባልናገር ይሻላል። ለሽማግሌው ጊዜያዊ ሙሌት ተደረገላቸውና ሐሙስ ተቀጠሩ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ብዬ በር ድረስ ተከተልኳቸው። በደነዘዘ አፋቸው «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ።

ሐሙስ አዲስ ፋይል ደርሶልናል። ወንበሩ ላይ ተመቻችተው ሳይቀመጡ ወደኔ ዞሩ።

«ዛሬስ በበረኪና አልዘፈዘፍሽውም አይደል?»

ዶክተሯ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ማስኳን ወደ ላይ ሳበች።