ጣት የማትሞላ ክፍተት

ሐምሌ፣ ባሕር ዳር። ነፋስ የሚገፋው ዝናብ መስኮት ላይ ሲያርፍ ውሃው ብዙ ጊዜ የሚገባው በመስታወቱም በግድግዳውም አይደለም፤ በሁለቱ መገናኛ ነው። የአርክቴክቸርንና የኢንዱስትሪ ዲዛይንን (እንደ መስኮትና እጀታ ያሉ የሚመረቱ ዕቃዎችን የመንደፍ ሙያ) ዝምድና ሳስብ ሐሳቤ እዚያችው ጣት የማትሞላ ክፍተት ላይ ያርፋል።

ግንበኛ በሴንቲ ሜትር ይሠራል፣ የአሉሚኒየም ባለሙያ በሚሊ ሜትር። ፕላኑ 120 በ120 ሴንቲ ሜትር ቢልም ግንቡ ከላይ 121፣ ከታች 119 ሊሆን ይችላል። ፍሬሙ ከፕላኑ ላይ ተለክቶ ከተቆረጠ ወይ አይገባም፣ ወይ ተመትቶ ይገባና ይጣመማል፤ መዝጊያውም አይገጥምም። ልኬቱ ከግንቡ ነው መወሰድ ያለበት፦ ወርዱ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፤ ቁመቱም ሦስት ቦታ፤ ከዚያ ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም አቅጣጫ። ትንሹ ልክ ተይዞ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ይቀነሳል።

ያንን ክፍተት በሲሚንቶ ጥርቅም አድርጎ መድፈን ግን አልስማማበትም። 2 ሜትር አሉሚኒየም ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲለዋወጥ 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ሲሚንቶው አብሮት አይሄድም፤ ይሰነጠቃል፣ ውሃም መንገድ ያገኛል። ተነፍቶ የሚያብጥ ፎም ሞልቶ ከውጭ እንደ ጎማ በሚለጠጥ ሲሊኮን መዝጋት ይሻላል። የመስኮቱ የታችኛው ደፍ ወደ ውጭ ያዘንብል፣ ከግድግዳው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይውጣ፣ ከሥሩም ቀጭን ቦይ ይኑረው፤ አለዚያ ውሃው በሥሩ ተመልሶ ልስኑን ይበላዋል።

የጣና ዳር ቤት ደግሞ ትንኝ አለበት። መስኮቱ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ወንፊቱ ከውስጥ ይገጠማል፣ እጀታውም ከወንፊቱ ጀርባ ይቀራል። ለመክፈት ወንፊቱን ማንሳት የግድ ነው፤ ማታ ማታ ይህን ማድረግ የሰለቸው ሰው ይቀደዋል። ተንሸራታች መስኮት ወንፊቱን ወደ ውጭ ያወጣና እጀታውን ለእጅ ይተዋል፤ ግን የሚከፈተው ግማሹ ብቻ ነው። ያንኑ ያህል አየር ለማግኘት ግድግዳው ላይ የሚተወው ቦታ እጥፍ መስፋት አለበት። ትንሿ እጀታ ግድግዳውን ቀየረችው ማለት ነው።

ፊንላንዳዊው አርክቴክት አልቫር አልቶ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1933 የተጠናቀቀውን የፓይሚዮ የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል ሲሠራ፣ የሐኪም እጅጌ እንዳይያዝበት የበሩን እጀታ፣ የሚወርደው ውሃ ድምፅ ሕመምተኛውን እንዳይረብሸው የመታጠቢያ ገንዳውን ራሱ ነደፈ። ይህን ጥንቃቄ ከልቤ እወደዋለሁ። እዚህ የእኛ እጅጌ ትንኝና ዝናብ ናቸው፤ ወንፊቱም እጀታውም መመረጥ ያለባቸው የሊንተሉ (ከመስኮቱ በላይ ግድግዳውን የሚሸከመው አግዳሚ) ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ነው።